ጨረሩ የሚዞር የሲሊከን አንቴና አሠራር፦ ከጥርሱ ስሌት እስከ ማሞቂያው ቮልት

«አንቴናዬ ላይ ማሞቂያ ጨመርኩበት፤ ጨረሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን ይሻላል?»

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደተጠየቅኩ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። አንዱ ጠያቂ የማስተርስ ተማሪ ነው፣ ሌላዋ ውጭ አገር ላብ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው፣ ስህተቱ ግን ሁሌም ያው ነው። ምኑ በምን እንደሚዞር ሳይወሰን ሥዕል ተጀምሯል። መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈውና ልገላገል።

እዚህ የምንሠራው 16 አንቴናዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ቺፕ ነው። 1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ይሠራል፣ ጨረሩንም በሁለት አቅጣጫ ያዞራል። ሁለት ቃላት አስቀድመን እንግባባ። ዌቭጋይድ ማለት ብርሃን የሚፈስበት ቀጭን የሲሊከን መስመር ነው፤ ከዚህ በኋላ «ቦይ» እለዋለሁ። ቦዩ ላይ በእኩል ርቀት ጎድጎድ እያደረግን ስንፍቅ ጥርስ ያወጣል፣ ብርሃኑም በየጥርሱ ትንሽ ትንሽ እያመለጠ ወደ ላይ ይወጣል። አንቴና የምንለው ይህንኑ ጥርሳም ቦይ ነው። ከአንዱ ጥርስ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት ፒሪየድ ይባላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለዲዛይኑ፦
- ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር። 32 ቢሆን በባለሦስት አቅጣጫው ሲሙሌሽን ጊዜ ታመሰግኑታላችሁ።
- ሚፕ፣ የብርሃን ሲሙሌሽን የሚሠራ ፕሮግራም። ነጻ ነው፣ በፓይተን ይታዘዛል። ሊኑክስ ላይ ያለ ጣጣ ይሠራል፤ ዊንዶውስ ከሆነ ማሽናችሁ በደብልዩኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ በሚያስኬደው መሣሪያ) በኩል ጫኑት።
- ኬሌይአውት፣ ለሥዕሉ። እሱም ነጻ ነው። ሥዕሉን በኮድ መሣል ለሚወድ ጂዲኤስፋክቶሪ አለ።
- ቺፑን የሚሠራላችሁ ፋውንድሪ (የቺፕ ፋብሪካ) የሚሰጠው የዲዛይን ሕግ ሰነድ፣ ማለትም ፒዲኬ። ይህን ሳትይዙ አንድ መስመር አትሣሉ።

ለሙከራው፦
- የሞገድ ርዝመቱ የሚቀያየር ሌዘር፣ ከ1530 እስከ 1565 ናኖሜትር ቢሸፍን ይበቃል
- የፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) መቆጣጠሪያ እና ብርሃኑን የሚያደርስ ፋይበር (የመስታወት ክር)
- የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ኢንፍራሬድ ካሜራ
- 16 መውጫ ያለው የቮልት ምንጭ
- ቺፑን በአንድ ሙቀት የሚይዝ መቀመጫ፣ ፔልቲየር (በኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዝና የሚያሞቅ ሰሌዳ) ያለው

ሙከራው ዕቃ ይጠይቃል። ዲዛይኑን ግን ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ሳንቲም ሳታወጡ ትጨርሱታላችሁ።

1. የትኛውን ማዞሪያ እንደምትጠቀሙ ወስኑ

ጨረሩን የሚያንቀሳቅሱ ሦስት ማዞሪያዎች አሉ። አቅማቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የመጀመሪያው የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ነው። በ1 ናኖሜትር ስትቀይሩት ጨረሩ በቦዩ አቅጣጫ 0.14 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ከ1530 እስከ 1565 ብትሄዱ ወደ 5 ዲግሪ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፌዝ ነው፤ ፌዝ ማለት ሞገዱ በውጣ ውረድ ዙሩ ውስጥ የደረሰበት ቦታ ነው፣ በዲግሪ ይለካል። በጎረቤት አንቴናዎች መካከል የፌዝ ልዩነት ስትፈጥሩ ጨረሩ ወደ ጎን ይዞራል። በኛ ዲዛይን ወደ ግራም ወደ ቀኝም 22 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ትልቁ ማዞሪያ ይህ ነው።

ሦስተኛው አንቴናውን ራሱን ማሞቅ ነው። ሲሊከን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የስብረት ኢንዴክሱ (ብርሃን በውስጡ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) የሚጨምረው በ0.00018 ብቻ ነው። አንቴናውን 100 ዲግሪ ብታሞቁት እንኳ ጨረሩ የሚዞረው 1 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ከላይ የነበረው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ማሞቂያው ጤነኛ ነው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ያው ማሞቂያ ከአንቴናው በፊት ባለው ቦይ ላይ ቢቀመጥ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ትንሿ የኢንዴክስ ለውጥ በ200 ማይክሮሜትር ርዝመት ላይ ትጠራቀማለች። 40 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ፌዙን ሙሉ ዙር፣ ማለትም 360 ዲግሪ ያዞረዋል። ስለዚህ የኛ ውሳኔ ይህ ነው፦ በቦዩ አቅጣጫ በሌዘሩ፣ ወደ ጎን በማሞቂያ።

2. ንብርብሩን ጻፉ

በብዙ ፋውንድሪዎች ዘንድ የተለመደው ንብርብር ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር እንዲህ ነው። ወፍራም የሲሊከን መሠረት፣ በላዩ 2 ማይክሮሜትር ኦክሳይድ (መስታወት መሰል የሲሊከን ኦክሳይድ)፣ በላዩ 220 ናኖሜትር ሲሊከን፣ ከዚያ 2 ማይክሮሜትር ገደማ የኦክሳይድ ሽፋን፣ ከሽፋኑ በላይ የማሞቂያው ብረት። በ1550 የሲሊከን ኢንዴክስ 3.48፣ የኦክሳይዱ 1.444 ነው። ሲሊከኑ ላይ ጥርስ ለማውጣት የሚፈቀደው የፍቅታ ጥልቀት ብዙ ጊዜ 70 ናኖሜትር ነው፤ እኛም እሱን እንይዛለን።

ይህን በወረቀት ጻፉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ቀልድ አይደለም። የታችኛውን መሠረት ረስቶ ሲሙሌሽን የሚሠራ ሰው በየወሩ ያጋጥመኛል። ከአንቴናው ግማሹ ብርሃን ገደማ ወደ ታች ይሄዳል፣ መሠረቱ ጋ ደርሶ በከፊል ተመልሶ ይመጣል፣ ከላይኛው ጋር ሲገናኝ ወይ ያጠናክረዋል ወይ ያጠፋዋል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የታችኛው ኦክሳይድ ውፍረት ነው። መሠረቱን ካልጨመራችሁት የምታገኙት ቁጥር የሌላ ቺፕ ቁጥር ነው።

3. ኢፌክቲቭ ኢንዴክሱን ከባለሦስት አቅጣጫ ሲሙሌሽን አውጡ

ኢፌክቲቭ ኢንዴክስ ማለት ብርሃኑ ቦዩ ውስጥ ሲጓዝ የሚያገኘው አማካይ ኢንዴክስ ነው። አንግሉን የሚወስነው እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ የለም።

እኔ በዚህ አንድ ሳምንት አባክኛለሁ። በሁለት አቅጣጫ ብቻ ሲሙሌሽን ሠርቼ፣ ፒሪየዱን ከዚያ አውጥቼ፣ ስፋቱ 1 ማይክሮሜትር የሆነ ቦይ ላይ አሳረፍኩት። ባለሦስት አቅጣጫውን ስሠራ አንግሉ 6 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብሎ ተገኘ። ኮዱ ውስጥ ስህተት ስፈልግ ዋልኩ፣ አደርኩ። ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አልነበረም። ባለሁለት አቅጣጫ ሲሙሌሽን ቦዩ ወደ ጎን ማለቂያ የሌለው አድርጎ ያስበዋል። ሰፊ ቦይ ደግሞ ኢንዴክሱ ከፍ ይላል፤ ለጥርሳሙ ቦይ 2.7 አካባቢ ያሳያችኋል። እውነተኛው 1 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቦይ ግን 2.6 አካባቢ ነው። የ0.1 ልዩነት ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ አንግል ሲቀየር ግን ከላይ ያልኳችሁን 6 ዲግሪ ያመጣል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ ፒሪየድ ብቻ፣ በሦስት አቅጣጫ፣ ጫፍና ጫፉ እየተደጋገመ እንደሚቀጥል አድርጋችሁ አስሉ። አንድ ጥርስ ብቻ ስለሆነ ላፕቶፕም ይችለዋል። የጥርሱን ጥንካሬ እና ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጣውን ድርሻ ለማየት ደግሞ ባለሁለት አቅጣጫውን ተጠቀሙ፤ ለዚያ ጥሩና ፈጣን ነው።

የመለኪያ ነጥቦቹን ጥግግት መጀመሪያ በ20 ናኖሜትር፣ ቁጥሩ ሲያምራችሁ በ10 ናኖሜትር አድርጉት። 70 ናኖሜትር ጥልቀት በ20 ናኖሜትር ሲከፈል ሦስት ነጥብ ተኩል ብቻ ነው፤ ለመጨረሻ ውሳኔ አይታመንም። ረጅሙን ሲሙሌሽን ስታስኬዱ በየመሃሉ ውጤቱን ፋይል ላይ እያስቀመጠ እንዲሄድ እዘዙት። መብራት ሄዶ የሌሊቱ ሥራ ገደል የገባበት ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

4. ፒሪየዱን አስሉ

ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦

የአንግሉ ሳይን = ኢፌክቲቭ ኢንዴክስ − (የሞገድ ርዝመት ÷ ፒሪየድ)

አንግሉ ከቺፑ ገጽ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር የሚለካ ነው፣ አየር ላይ። 10 ዲግሪ እንፈልግ። የ10 ዲግሪ ሳይን 0.174 ነው። 2.6 ሲቀነስ 0.174፣ 2.426 ይሆናል። 1550ን ለ2.426 ስናካፍል 639 ናኖሜትር። 640 እንበለው።

ለምን 10? ለምን ቀጥ ብሎ አይወጣም? ይህም ተደጋግሞ ይጠየቃል። ልክ ቀጥ ብሎ በሚወጣበት ፒሪየድ ላይ ጥርሶቹ ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ጨረሩ ይደክማል፣ ተመላሹም ሌዘሩን ይረብሻል። በኛ ዲዛይን ይህ የሚሆነው ሌዘሩ ወደ 1625 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከ1565 ካላለፋችሁ ሰላም ናችሁ። ምልክቱንም ልብ በሉ። የሞገድ ርዝመቱ ሲጨምር አንግሉ ይቀንሳል። ካሜራው ላይ ጨረሩ «ወደ ኋላ» ሲሄድ ያየ ሰው ሽቦ ተገላብጦብኝ ነው ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል።

5. የጥርሱን ጥንካሬ አስተካክሉ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ጥሩ አንቴናና መጥፎ አንቴና የሚለያዩት እዚህ ነው።

የጨረሩ ስፋት የሚወሰነው ብርሃኑ በሚወጣበት ርዝመት ነው። ብርሃኑ በእኩል መጠን ከወጣ የጨረሩ ስፋት በራዲያን 0.886 ሲባዛ በሞገድ ርዝመት፣ ሲካፈል ለርዝመቱ ነው። 64 ጥርስ በ640 ናኖሜትር 41 ማይክሮሜትር ይሆናል። ያ ወደ 2 ዲግሪ ስፋት ያለው ጨረር ይሰጣል።

ግን «በእኩል መጠን ከወጣ» ብያለሁ። ሁሉንም ጥርስ አንድ ዓይነት ካደረጋችሁት በእኩል አይወጣም። የ70 ናኖሜትር ፍቅታ ጠንካራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች አብዛኛውን ብርሃን ያወጡትና ለኋለኞቹ ፍርፋሪ ይቀራቸዋል። ቧንቧው መጀመሪያ ላይ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የአትክልት ማጠጫ አስቡ። ከፊት ያለው መደብ ጎርፍ፣ መጨረሻ ያለው ደረቅ።

መፍትሔው ጎድጎዱን መጀመሪያ ላይ ማጥበብ፣ ቀስ በቀስ ማስፋት ነው። ከ200 ናኖሜትር ጀምሩና ወደ 320 አምጡት። በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራ ፋውንድሪ ካገኛችሁ ከዚያም አጥብባችሁ፣ እስከ 80 ናኖሜትር ወርዳችሁ መጀመር ትችላላችሁ። በ193 ናኖሜትር ብርሃን የሚያትም ከሆነ ግን ከ180 በታች መውረድ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ፒዲኬውን ተመልከቱ።

አንድ ወጥመድ አለ። ጎድጎዱ ሲጠብ ሲሊከኑ ይበዛል፣ ሲሊከኑ ሲበዛ ኢፌክቲቭ ኢንዴክሱ ከፍ ይላል፣ እሱ ከፍ ሲል አንግሉ ይቀየራል። ጎድጎድ ብቻ ቀያይራችሁ ፒሪየዱን ከተዋችሁት እያንዳንዱ የአንቴናው ክፍል ወደየራሱ አቅጣጫ ያበራል። በ200 ናኖሜትር ጎድጎድ ፒሪየዱ 631 አካባቢ፣ በ320 ጎድጎድ ደግሞ 640 አካባቢ መሆን አለበት። ለሦስት ለአራት የጎድጎድ ስፋቶች ሦስተኛውን እርምጃ ድገሙና መሃሉን በመስመር አገናኙት።

ውጤቱን እንዴት ታውቃላችሁ? በቦዩ ውስጥ የቀረውን ኃይል ከርዝመቱ ጋር ሣሉት። መስመሩ እንደ ገደል ከወረደ ጥርሱ ገና ጠንካራ ነው። እንደ ተዳፋት መንገድ ቀጥ ብሎ እያዘቀዘቀ እስከ መጨረሻው ከሄደ ተሳክቷል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ብርሃን ይተርፋል፤ እሱ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ የቦዩን ጫፍ አሹሉት።

6. አሥራ ስድስቱን ደርድሩ

የአንዱ ቦይ ስፋት 1 ማይክሮሜትር፣ ከጎረቤቱ ያለው ክፍተት 1 ማይክሮሜትር። ከመሃል እስከ መሃል 2 ማይክሮሜትር ሆነ። 16 ሲባዛ በ2፣ 32 ማይክሮሜትር። ወደ ጎን የጨረሩ ስፋት 2.5 ዲግሪ ይሆናል።

ርቀቱ ለምን አይሰፋም? ምክንያቱም ርቀቱ ከሞገድ ርዝመቱ ግማሽ ሲበልጥ ከዋናው ጨረር ሌላ መንታ ጨረር ይወለዳል። በ2 ማይክሮሜትር ርቀት ዋናው ጨረር መሃል ላይ ሲሆን መንታዎቹ ወደ 51 ዲግሪ ላይ ናቸው። ዋናውን 22.8 ዲግሪ ስታደርሱት መንታው በተቃራኒው 22.8 ላይ ብቅ ይላል፣ የትኛው የናንተ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የማዞር ገደባችን ከዚህ የመጣ ነው።

ለምን አይጠብም? ቦዮች ሲቀራረቡ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሾልካል፤ ፌዛችሁ ይደበላለቃል። ለመጀመሪያ ሥራ 2 ማይክሮሜትር ላይ ቆዩ።

ብርሃኑን ለ16 ለማካፈል አንዱን ለሁለት የሚከፍል አካፋይ በአራት ደረጃ ደርድሩ። አካፋዩን ራሳችሁ አትሥሩት፤ ፒዲኬው ውስጥ የተሞከረ አለ። እያንዳንዱ አንቴና የሚደርሰው ከ100 እጅ 6 ገደማ ነው።

7. ማሞቂያውን በቦታው አስቀምጡ

ማሞቂያው ከአካፋዩ በኋላ፣ ከአንቴናው በፊት። አንቴናው ላይ ፈጽሞ አይሁን፤ ብረቱ የሚወጣውን ብርሃን ይጋርዳል። ይህን ያደረገ ሥዕል አይቻለሁ። ያማረ ሥዕል ነበር፣ ብርሃን የማይወጣበት።

ርዝመቱ 200 ማይክሮሜትር ይሁን። ከሲሊከኑ በላይ 2 ማይክሮሜትር ያህል ይራቅ፤ ከቀረበ ብረቱ ብርሃኑን ይበላል። ከጎረቤት ማሞቂያ ቢያንስ 30 ማይክሮሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ አንዱን ስታሞቁ ጎረቤቱም አብሮ ይሞቃል። ማሞቂያዎቹ ተራርቀው አንቴናዎቹ ስለሚቀራረቡ በመሃል ቦዮቹ መሰብሰብ አለባቸው፣ ልክ እንደ ማራገቢያ እጥፋት። በዚህ ጊዜ የሁሉም ቦይ ርዝመት እኩል መሆን አለበት። የ100 ማይክሮሜትር ልዩነት ካለ ሌዘሩን በ5.7 ናኖሜትር ስትቀይሩ ፌዙ ሙሉ ዙር ይዞራል። በቦዩ አቅጣጫ ለማዞር ሌዘሩን ነካ ስታደርጉ ወደ ጎን ያስተካከላችሁት ሁሉ ይፈርሳል ማለት ነው።

አሁን ቮልቱ። ተራ የብረት ማሞቂያ ፌዙን 180 ዲግሪ ለማዞር 25 ሚሊዋት ገደማ ይፈልጋል እንበል፤ ለሙሉ ዙር 50 ሚሊዋት። የማሞቂያው ሬዚስታንስ 500 ኦም ቢሆን 50 ሚሊዋት የሚያገኘው በ5 ቮልት፣ 10 ሚሊአምፔር ነው። ታዲያ ለግማሽ ዙር ስንት ቮልት? 2.5 ካላችሁ ተሳስታችኋል። ኃይል ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ 2.5 ቮልት የሚሰጣችሁ ሩብ ዙር፣ 90 ዲግሪ ብቻ ነው። ግማሹ የሚገኘው በ3.54 ቮልት ነው። ሠንጠረዣችሁን በሚሊዋት ሥሩት፣ ወደ ቮልት የምትቀይሩት መጨረሻ ላይ ይሁን።

ጨረሩን ወደ ጎን 10 ዲግሪ ለማዞር ጎረቤታሞች መካከል ያለው የፌዝ ልዩነት 81 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ የሚገኘው 360 ሲባዛ በ2 ማይክሮሜትር፣ ሲባዛ በ10 ዲግሪ ሳይን፣ ሲካፈል ለ1.55 ማይክሮሜትር ነው። የመጀመሪያው አንቴና 0፣ ሁለተኛው 81፣ ሦስተኛው 161፣ አራተኛው 242፣ አምስተኛው 323። ስድስተኛው 403 ይሆን ነበር፣ ግን 360 ይቀነስና 43 ብቻ። አንድም ማሞቂያ ከሙሉ ዙር በላይ መሥራት የለበትም። ይህን የዘነጋ ሰው አሥራ ስድስተኛው ማሞቂያ ላይ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ሊያዝዝ ይሞክርና ያቃጥለዋል።

8. ሥዕሉን ጨርሱና ላኩ

ተራው ቦይ 500 ናኖሜትር ስፋት ነው፤ ወደ አንቴናው 1 ማይክሮሜትር ቀስ ብሎ፣ በ20 ማይክሮሜትር ርዝመት ይስፋ። የማጠፊያ ራዲየስ 10 ማይክሮሜትር ይሁን።

የብርሃን መግቢያውን ከአንቴናው ቢያንስ 1 ሚሊሜትር አርቁት፣ አቅጣጫውንም 90 ዲግሪ አዙሩት። ፋይበሩ ሁሉንም ብርሃን ወደ ቦዩ አያስገባም። የተረፈው ቺፑ ላይ ይበተንና ካሜራችሁን ያሳውረዋል።

አንድ ዲዛይን ብቻ አትላኩ። ሲሊከኑ ከታሰበው በ5 ናኖሜትር ቢወፍር ወይም ቢቀጥን አንግሉ 1 ዲግሪ ገደማ ይሳሳታል። ስለዚህ በ620፣ 630፣ 640፣ 650 እና 660 ፒሪየድ ቅጂዎች አስቀምጡ፤ በ10 ናኖሜትር ልዩነት አንግሉ ወደ 2 ዲግሪ ይፈቀቃል። አንድ ብቻውን የቆመ አንቴና፣ አንድ ብቻውን የቆመ ማሞቂያ ያለበት ኢንተርፌሮሜትር (ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ መልሶ በማገናኘት የፌዝ ልዩነትን የሚያሳይ)፣ አንድ ተራ ቀጥ ያለ ቦይም ጨምሩ። ችግር ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚያመርት ፋውንድሪ የለም፤ ውጭ ነው የሚላከው። ለብቻ ሙሉ ዋፈር (ብዙ ቺፕ የሚወጣበት ክብ የሲሊከን ሰሌዳ) ማሠራት ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ የሚሠራው በጋራ ዙር ነው፣ ልክ እንደ ቅርጫ። አንድ ዋፈር ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፣ ሁሉም የመደቡን ይከፍላል። ቤልጂየም ያለው አይሜክ፣ እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ያለው ኮርነርስቶን እንዲህ ዓይነት ዙር ያካሂዳሉ። ከመላካችሁ በፊት የሕግ ማጣሪያውን ኬሌይአውት ላይ አስኪዱ። መጠበቁ ወራት ነው፤ ሥዕሉ ውስጥ ባለች አንዲት የተሳሳተች የንብርብር ቁጥር እንዳትቆጩ።

9. ቺፑ ሲመጣ

መጀመሪያ ቀጥ ያለውን ቦይ ለኩ፣ ብርሃን መግባቱን እርግጠኛ ሁኑ። ፖላራይዜሽኑን አስተካክሉ፤ አንቴናው የተሰላው ለአንድ ፖላራይዜሽን ብቻ ነው። ከዚያ ብቻውን የቆመውን አንቴና በካሜራ አይታችሁ አንግሉን ለኩ። ከአምስቱ ፒሪየዶች የትኛው 10 ዲግሪ እንደሰጠ መዝግቡ።

አሁን አሥራ ስድስቱን አብሩ። ጨረር አታዩም። የተበታተነ ጉም ነው የምታዩት። አትደንግጡ። ቦዮቹ በፋብሪካ ጥቃቅን ልዩነት ምክንያት እያንዳንዱ የራሱን ፌዝ ይዞ ይመጣል፤ ዜሮ ቮልት ማለት ዜሮ ፌዝ አይደለም። ማስተካከያው እንዲህ ነው። ካሜራው ላይ ጨረሩ እንዲያርፍ የምትፈልጉበትን ነጥብ ምረጡ። ሁለተኛውን ማሞቂያ ከ0 እስከ 50 ሚሊዋት ቀስ እያላችሁ አሳድጉ፣ ነጥቡ በጣም የደመቀበት ላይ ተዉት። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እስከ አሥራ ስድስተኛው። ከዚያ ከመጀመሪያው አንድ ዙር ድገሙት። በሁለተኛው ዙር ጉሙ ተሰብስቦ አንዲት ነጥብ ስትሆን ታያላችሁ። ያገኛችሁትን 16 ቁጥር አስቀምጡ፤ የዚያ አቅጣጫ አድራሻ እሱ ነው። ለሌላ አቅጣጫ ከላይ ያሰላናቸውን ፌዞች ትጨምሩበታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

1550 ናኖሜትር በዓይን አይታይም። «ለዓይን ደህና ነው» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ከሆነ እርሱት፤ ኃይሉ ከበዛ ዓይንን ይጎዳል። የፋይበር ጫፍ ወደ ፊታችሁ አታዙሩ፣ ሌዘሩ እየበራ ፋይበር አትንቀሉ። ለሙከራው ቺፑ ውስጥ የሚገባው ከ10 ሚሊዋት በታች ይበቃል። ኃይሉ በጣም ሲበዛ ሲሊከኑ ራሱ ብርሃኑን መዋጥ ይጀምራል፤ ብትጨምሩትም ትርፍ የለውም።

ማሞቂያውን በ0.1 ቮልት እየጨመራችሁ ሂዱ። የተቃጠለ ማሞቂያ አይጠገንም። አሥራ ስድስቱም ሙሉ ዙር ላይ ቢሆኑ ቺፑ ላይ 0.8 ዋት ይወርዳል። ፔልቲየሩ ካልበራ ቺፑ በሙሉ ይሞቅና ያስተካከላችሁት ነጥብ እያያችሁት ይንሸራተታል።

ተደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች

ጨረሩ ትክክል ነው፣ አንግሉ ግን 1 ወይም 2 ዲግሪ ተሳስቷል። የሲሊከኑ ውፍረት ነው። ሌዘሩን ጥቂት ናኖሜትር አዙሩ ወይም ሌላውን ፒሪየድ ተጠቀሙ።

ከዋናው ጨረር ጎን ወደ 50 ዲግሪ ላይ ሌላ ነጥብ አለ። ያ መንታው ነው፣ ጤነኛ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሌላ ነጥብ ካያችሁ ግን አንዱ ማሞቂያ አይሠራም ወይም የአንዱ ሽቦ ከሌላው ተቀያይሯል።

ጨረሩ ሲዞር ይደክማል። መሃሉ ላይ ብሩህ ሆኖ ዳር ላይ መድከሙ የማይቀር ነው፤ እያንዳንዱ አንቴና ራሱ ወደ መሃል ይበልጥ ያበራል። እስከ ገደቡ ስትጠጉ ብርሃኑ ቢቀንስ አይግረማችሁ።

ሲሙሌሽኑ ላይ ከ100 እጅ 105 ወጣ። ከገባው በላይ አይወጣም። የኃይል መለኪያው መስመር ከአንቴናው በጣም ቀርቧል፣ ወይም የመምጠጫው ግድግዳ ቀጭን ነው። ግድግዳውን 1 ማይክሮሜትር አድርጉት፣ መለኪያውንም አርቁት።

«ካሜራ የለኝም፣ በስልኬ ልየው?» በስልክ አይታይም። የስልክ ካሜራ ራሱ ከሲሊከን የተሠራ ነው፤ ሲሊከን ደግሞ ከ1100 ናኖሜትር ገደማ በላይ ያለውን ብርሃን ስለማይውጥ ካሜራው አያየውም። ብርሃኑ በቺፑ ቦይ ውስጥ ሳይዋጥ መሄድ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኢንፍራሬድ ካሜራ ካጣችሁ፣ ፋይበር የተገጠመለት የኃይል መለኪያ በሚዞር ክንድ ላይ አስራችሁ አንግሉን በእጅ እያዞራችሁ መዝግቡ። ቀን ይፈጃል እንጂ ይሠራል።